የኤትሩስካውያን የመቃብር ሥዕል በኖራ ሰሌዳ ላይ፦ ቀለሙ ለምን ይለቃል?

ብሩሽ ዘባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ላይ ለሥዕል ተማሪዎች የኤትሩስካውያንን (ከሮማውያን በፊት በመካከለኛው ጣሊያን የገነኑ ሕዝቦች) የግድግዳ ሥዕል አሠራር በተግባር ለማሳየት 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሰሌዳዎች እያዘጋጀን ነው። የያዝነው ናሙና በጣሊያን ታርኩዊኒያ የሚገኘው የነብሮች መቃብር ነው (ከክርስቶስ ልደት በፊት 480–470 ገደማ)። ልስኑ የከረጢት ኖራ፣ የሐይቅ ዳር አሸዋና ቶሎ እንዲጠነክር የተጨመረ ጀሶ አለበት። ቀለሙ በውሃ ብቻ የተበጠበጠ ነው። ከሳምንት በኋላ ቀዩ በጣት ሲነካ ይለቃል፣ ፕሩሺያን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ወደ ቡናማ ዞሯል፣ ፊቱ ላይም ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ችግሩ ከልስኑ ነው ከቀለሙ? ሰማያዊውስ በምን ይተካ? እንደ ዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ሙጫ ብንጨምርበት ይይዛል?

ኖራና አሸዋ፦
ጀሶውን አውጡት። የኤትሩስካውያን ቀለም የሚይዘው በሙጫ አይደለም። እርጥብ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል፤ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የቀለሙን ቅንጣት ውስጡ ያስቀረዋል። ጀሶ ግን በደቂቃዎች ስለሚጠነክር ለቀለሙ ጊዜ አይሰጠውም። ነጩ ዱቄትም ከሱ ሳይሆን አይቀርም፤ በመጠኑ ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከእርጥበቱ ጋር ወጥቶ ፊቱ ላይ ይደርቃል።

ታርኩዊኒያ ላይ መቃብሮቹ የተፈለፈሉት ማኮ በሚባል ለስላሳ ኖራማ ድንጋይ ውስጥ ነው። ድንጋዩ ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልስን ይበቃቸው ነበር። የእናንተ ሰሌዳ ያ እርጥበት የለውም፤ ስለዚህ ከሥር ወፈር ያለ መደብ ስጡት። ያልተቀባ የሸክላ ጡብ ውሃ እስኪጠግብ ንከሩ። የመጀመሪያው ልስን 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ፣ 1 ሳንቲ ሜትር። ሁለተኛው 1 ለ2፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር። የመጨረሻው 1 ለ1 ከደቀቀ እብነ በረድ ጋር፣ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የጣና ዙሪያ አሸዋ ከባዛልት ስለሆነ ጥቁር ነው፤ ለሥረኛው ይሁን እንጂ ለላይኛው አይሆንም፣ ቀለሙን ያጠቁራል።

ኖራውን ከመግዛታችሁ በፊት ቆንጥራችሁ ሎሚ ጨምቁበት። ክፉኛ ከፈላ በከረጢቱ ውስጥ አየር በልቶት አልቋል ማለት ነው፤ አትግዙት። ደህናውን ባልዲ ውስጥ ውሃ እንደሸፈነው ቢቻል 3 ወር አቆዩት። አሸዋውን ደግሞ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጡና አንድ ሰዓት አስቀምጡ፤ ላዩ ላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ከተኛ እጠቡት፣ አለበለዚያ ልስኑ ይሰነጠቃል።

ቀለም የሚቀባው ልስኑ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ፣ ሲነካ ግን የሚቀዘቅዝ ሲሆን ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የባሕር ዳር ከሰዓት ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል፤ በደረቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይለቃል። በማለዳ ልሰኑ፣ እስከ ቀትር ጨርሱ፣ ከዚያ ሳይነካው እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ሳምንት አቆዩት።

የአፈር ቀለም፦
ፕሩሺያን ብሉ ኖራ ውስጥ አይኖርም። የኖራው አልካሊ ይበትነዋል፣ ከውስጡ ያለው ብረት ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የትኛውንም ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የኖራ ውሃ ውስጥ 3 ቀን ነክራችሁ እዩት። የኤትሩስካውያን ቀለሞች በአመዛኙ ይህን ፈተና ያልፋሉ፦ ቀይና ቢጫ የብረት አፈር፣ የከሰል ጥቁር፣ ነጭ ኖራ፣ ለአረንጓዴ ማላካይት (የመዳብ ማዕድን)፣ ለሰማያዊ ደግሞ የግብፅ ሰማያዊ። ወንዶቹን በቀይ፣ ሴቶቹን በነጣ ቀለም ይቀቡ ነበርና ብዙ የሚያስፈልጋችሁ ቀዩ ነው። የመንገድ ዳር ቀይ አፈር ሸክላው ይበዛል፤ በጥብጣችሁ ለደቂቃ ካሰከናችሁ በኋላ የላዩን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡና እዚያ የሚዘቅጠውን ድቃቂ ተጠቀሙ። ቢጫ አፈር በአሮጌ ብረት ምጣድ ሲቆላ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ቀይ ይሆናል። ኦርፒመንት የሚባለውን ቢጫ ማዕድን ግን ተዉት፤ ኖራን አይወድም፣ አርሴኒክም አለበት።

የግብፅ ሰማያዊ የካልሲየምና የመዳብ ሲሊኬት ነው። በክብደት 100 ግራም የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 80 ግራም የመዳብ ኦክሳይድ፣ 240 ግራም ነጭ የኳርትዝ አሸዋ፣ ወደ 20 ግራም ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት፤ የአብያታ ሐይቁ ይሆናል)። ከ850 እስከ 1000 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይጠበሳል። ከ1050 በላይ ከወጣ ቀለሙ ፈርሶ አረንጓዴ መስታወት ይሆናል። ሸክላ ሠሪዎቻችን የሚጠብሱበት የሜዳ እሳት ስለማይበቃው የኤሌክትሪክ እቶን ፈልጉ። አብዝታችሁ አትፍጩት፤ በደቀቀ ቁጥር ይገረጣል። ደግሞ ይህ ቀለም በቀይ ብርሃን ሲመታ በ910 ናኖ ሜትር አካባቢ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ይለቃል። በዓይን የጠፋ ሰማያዊ በመቃብሮቹ ግድግዳ ላይ በልዩ ካሜራ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለተማሪ ቢታይ እጅግ ደስ ይላል።

ጥቅል ጨርቅ፦
ስለ ሙጫው፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ የዘጌ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው ጭድ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከሥር ኖራ የለም፤ ማያያዣው ሙጫ ነው፣ ጨርቁም ከግድግዳው ጋር ይተጣጠፋል። እዚያ የሠራው ሙጫ እርጥብ ኖራ ላይ ይበላሻል፣ ሲቆይም ይሻግታል። ቀዩንና ጥቁሩን በውሃ ብቻ ቀቡ።

በአንድ ነገር ብቻ ከላይ ባለው ላይ እጨምራለሁ፦ ሰማያዊው ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ኖራው አይውጠውም፣ በውሃ ብቻ ከተቀባ ሲደርቅ ይረግፋል። ልስኑ ከ4 ሳምንት በኋላ ደርቆ ሲያበቃ በእንቁላል አስኳልና በውሃ፣ 1 ለ2፣ ደራርባችሁ ቀቡት።

ብሩሽ ዘባሕር ዳር፦
እናመሰግናለን። ንድፉን ከወረቀት ወደ እርጥብ ልስን እንዴት እናሳርፍ? እርሳስ ይቧጥጠዋል።

ኖራና አሸዋ፦
እነሱም ቧጥጠዋል፤ የምስሎቹን ዙሪያ በሹል ነገር የጫሩት ዛሬም ይታያል። ወረቀቱን በልስኑ ላይ አስደግፋችሁ በደነዘዘ እንጨት ጫፍ ተጫኑት። ለቀጥታ መስመር ቀጭን ገመድ በቀይ አፈር ውሃ ነክራችሁ፣ ሁለት ሰው ወጥሮ ይዞት፣ መሃሉን ሳብ አድርጎ ልቀቁት። ገመዱ ብዙ ከጠጣ ይረጫል፤ አስቀድማችሁ በጨርቅ ጭመቁት።