ላምፕ-1 አንቲቦዲዬ ሄላ ላይ ይሠራል፣ ማክሮፌጅ ላይ ግን ጭጋግ ብቻ ነው

ፋና_በላብ
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጣሁ። ጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የምሠራው በካላ አዛር ጥገኛ፣ በሌሽማንያ ዶኖቫኒ ላይ ነው። (አጎቴ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ በዚሁ ታሞ ነው የተመለሰው፤ ርዕሱ ሲቀርብልኝ አላቅማማሁም።)

ጥያቄዬ ሲሰሙት ቀላል ነው። ማክሮፌጁ (ጀርም የሚውጠው የመከላከያ ሴል) ጥገኛውን ከዋጠው በኋላ፣ ጥገኛው የተቀመጠበት ከረጢት ከላይሶዞም (ከሴሉ መፍጫ ከረጢት) ጋር የሚዋሐደው መቼ ነው? ላምፕ-1 የላይሶዞም ሽፋን ፕሮቲን ስለሆነ በጥገኛው ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ከታየኝ ተዋሕዷል እላለሁ።

ሴሎቼ ራው 264.7 የሚባሉ ማክሮፌጆች ናቸው። ሴሉን ባለበት ለማቆየት 4% ፓራፎርማልዲሃይድ 15 ደቂቃ፣ ሽፋኑን ለመብሳት 0.1% ትራይተን 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ላምፕ-1ን የሚይዘው ኤች4ኤ3 የሚባለው አንቲቦዲ 1 ለ100 ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ፣ በማግስቱ የመጀመሪያውን የሚይዝ፣ አረንጓዴ የሚያበራ ፀረ-አይጥ ሁለተኛ አንቲቦዲ። ያገኘሁት የሴሉን ጠርዝ ተከትሎ የተኛ አረንጓዴ ጭጋግ ነው። ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ ሳደርግ ጨለማ ነው። የሚያናድደኝ፣ በዚያው ቀን ከዚያው ቱቦ ቀድቼ የጎረቤቴ ሄላ ሴል ላይ ሳደርገው ፍንትው ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። አለቃዬ «አንቲቦዲው ሞቷል፣ ሌላ እዘዢ» አለኝ። ሄላ ላይ በሕይወት ያለ፣ ራው ላይ እንዴት ይሞታል?

ሳሙና_ነኝ
ትራይተኑን ተዪው። የትንንሾቹን ከረጢቶች ሽፋን አጥቦ ይወስድብሻል። 0.1% ሳፖኒን ሞክሪ። ግን ሳፖኒን ኮሌስትሮልን ይዞ ነው ቀዳዳ የሚከፍተው፤ ሲታጠብ ቀዳዳው ይዘጋል። ስለዚህ በአንቲቦዲውም በማጠቢያውም ፈሳሽ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይኑር። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሴሚስተር አቃጥያለሁ።

ጋሽ_ፓይፔት
የሳፖኒኑ ምክር ጥሩ ነው፣ በሽታው ግን እሱ አይደለም።

እህቴ፣ አማርኛችን ትንሹንም ትልቁንም «አይጥ» ብሎ ስለሚያልፍ እዚህ ላይ ትንሿን ማውስ፣ ትልቁን ራት ልበል። ኤች4ኤ3 ማውስ ውስጥ የተሠራ፣ የሰውን ላምፕ-1 የሚያውቅ አንቲቦዲ ነው። ሄላ የሰው ሴል ነው፣ ስለዚህ ሠራ። ራው 264.7 ግን ራሱ ከማውስ የመጣ ነው። ማውስ የሰውን ፕሮቲን እንግዳ ብላ አንቲቦዲ ትሠራለች እንጂ የራሷን አትነካም። ይህ አንቲቦዲ የሚይዘው ደግሞ ላይሶዞሙ ውስጥ የተደበቀውን ትልቁን ክፍል ነው፤ ከዝርያ ዝርያ የሚለያየውም እሱ ነው። ወደ ሳይቶፕላዝም የሚወጣው ጅራት 11 አሚኖ አሲድ ብቻ ናት።

ጭጋጉስ? ማክሮፌጅ የአንቲቦዲን እግር የሚጨብጡ ኤፍሲ ተቀባዮችን ለብሷል። ኤች4ኤ3ን በእጁ ሳይሆን በእግሩ ነው የያዘልሽ። ካላመንሽኝ፣ ከጉዳዩ ጋር ምንም የማይገናኝ የማውስ አይጂጂ1 (አንድ የአንቲቦዲ ዓይነት) በዚያው መጠን አድርጊ፤ ያው ጭጋግ ይመጣል።

የሚያስፈልግሽ 1ዲ4ቢ ነው፦ ራት ውስጥ የተሠራ፣ የማውስን ላምፕ-1 የሚያውቅ። ሁለቱንም አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሃይብሪዶማ (አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሴሎች) ባንክ ያቀርባቸዋል። ሁለተኛው አንቲቦዲሽ ፀረ-ራት ይሁን፣ ማውስን እንዳይነካ የተጣራውን ምረጪ። ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠኑ የሚለየውን ሙከራ) ከሠራሽም አትደንግጪ፤ ፕሮቲኑ በስሌት 40 ኪሎዳልተን ገደማ ሆኖ ሳለ ስኳር ስለተሸከመ 100 አካባቢ ነው የሚቆመው።

ፋና_በላብ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማውስ አይጂጂ1ውን ሞከርኩ፤ ጭጋጉ ቁርጥ ያው ነው። አፈርኩም፣ ሳቅሁም። የቱቦው ወረቀት ላይ «ሰው» ተብሎ ተጽፏል እኮ!

ከላይኛው ፎቅ ላብ 1ዲ4ቢ ለምኜ አመጣሁ። ያሉኝን ፈርቼ ኤፍሲ ተቀባዮቹን አስቀድሜ 2.4ጂ2 በሚባለው መዝጊያ አንቲቦዲ ዘጋሁ፣ ከዚያ 1ዲ4ቢ፣ ከዚያ ፀረ-ራት። አሁን ደግሞ ጠርዙ ከበፊቱ ብሶ እንደ ገና መብራት ይንቦገቦጋል። ምን በደልኩ?

ሳሙና_ነኝ
2.4ጂ2 ራሱ የራት አንቲቦዲ ነው 😅 ፀረ-ራቱ መዝጊያውንም አብሮ አበራልሽ።

ጋሽ_ፓይፔት
እንዳለው ነው፤ ቀድሜ ባለመንገሬ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ 2.4ጂ2ን ትተሽ በማውስ አይጂጂ ዝጊ፤ ፀረ-ራትሽ ማውስን እንዳይነካ የተጣራ እስከሆነ ድረስ አይታይም። ወይ ቀለሙ በቀጥታ የተጣበቀበትን 1ዲ4ቢ ግዢ፤ ያኔ ሁለተኛ አንቲቦዲ ስለሌለ በ2.4ጂ2 መዝጋቱም አይጎዳሽም። ገንዘብ ካለ ሁለተኛውን። ያልተበከሉ ሴሎችን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ፋና_በላብ
በማውስ አይጂጂ ዘጋሁ፣ ሳፖኒኑንም እስከ መጨረሻው ያዝኩት። ትናንት ማታ አየሁት! በ24 ሰዓት ናሙና ላይ በአብዛኞቹ ጥገኞች ዙሪያ ቀጭን ቀለበት አለ፣ ልክክ ብሎ ነው የተጠጋቸው። በ2 ሰዓቱ ላይ ግን ቀለበት ያለው ጥቂት ነው። አዲስ የገባው ፕሮማስቲጎት (ጅራት ያለው የጥገኛው ቅርጽ) ሊፒድ ላይ በተንጠለጠለው የስኳር ካባው ውሕደቱን እንደሚያዘገይ አንብቤ ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ቆጠራውን ገና አልጀመርኩም፤ ለዚያ ስላይዶቹን ስም ሸፍኖ የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ።

አለቃዬ «አዲስ አዘዝሽ እንዴ?» አለኝ። የሞተ አልነበረም አልኩት። ኤች4ኤ3ውን ለሄላው ጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ።