የጠብታ ጥናት የጋራ ዕቅድ፦ የትኛውን ጥያቄ እንያዝ?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቃችን እስካሁን ርዕስ ብቻ ነው፦ «ጠብታ ሲደርቅ የሚተወው ቅርጽ»። በጣም ሰፊ ነው። እናጥብበው።

የላብራቶሪ አባል፦ ከቡና ቀለበት እንነሳ። ጠብ ያለ ቡና ሲደርቅ ዳሩ ይጠቁራል፣ መሃሉ ይሳሳል። ምክንያቱን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል። የጠብታው ዳር ወለሉን፣ ማለትም ያረፈበትን ገጽ፣ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ትነቱ ደግሞ ዳር ላይ ይበረታል። እዚያ የጎደለውን ለመሙላት ውሃው ከመሃል ወደ ዳር ይፈስሳል፤ በውስጡ ያሉትን የቡና ቅንጣቶችም ጠራርጎ ይወስዳል።

ሦስተኛ አባል፦ እሱማ ተመለሰ እኮ! እኔ የቅንጣቱን ቅርጽ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሥራ አለ። ሉል ቅንጣቶችን ለጥጠው ሞላላ ሲያደርጓቸው ቀለበቱ ጠፋ። ሞላላዎቹ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያይዘው እዚያው ይቀራሉ። ዳር አይከማቹም።

የላብራቶሪ አባል፦ ደስ ይላል፤ ግን መለጠጫው የለንም። እኔ ወለሉን ብንቀያይር እመርጣለሁ። ትናንት ማታ ሁለት ጠብታ አደረቅኩ፤ አንዱን ንጹህ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ፣ ሌላውን ውሃ በማያስጠጋ ለስላሳ ሽፋን ላይ። ስላይዱ ላይ ጥርት ያለ ቀለበት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ግን ዳሩ እየሸሸ እየሸሸ መጣና መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ቀረች። የስላይዱን በማይክሮስኮፕ ሳየው ነበር። መጀመሪያ ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው ይደርሱና በሥርዓት ይደረደራሉ። መጨረሻ ላይ ጠብታው ሲሳሳ ፍሰቱ ይፈጥንና ግር ብለው ይመጣሉ። እንደመጡ ይቆለላሉ።

ሦስተኛ አባል፦ እሺ፣ አሳመንከኝ። ግን እርጥበቱን ተቆጣጥረሃል? አየሩ ሲደርቅ ትነቱ ይፈጥናል፤ ያኔ የምናወዳድረው ወለሉን ሳይሆን አየሩን ይሆናል።

የላብራቶሪ አባል፦ እውነትሽን ነው፣ ረስቼዋለሁ። ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ እንደግመዋለን።

አራተኛ አባል፦ ቀለምን በጥቃቅን ጠብታ እየረጨ የሚያትመው የኢንክጄት ኅትመትም ይግባ። እዚያ ቀለበት ማለት ወጥ ያልሆነ ቀለም ነው።

አስተባባሪ፦ መግቢያው ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል። ጥያቄውን እንዲህ ጻፍኩት፦ «የጠብታው ዳር መቼ ይያዛል፣ መቼስ ይሸሻል? ቅንጣቶቹስ በዚያ ምክንያት የት ይቀራሉ?» ሦስት ወለል፣ አንድ ዓይነት ቅንጣት፣ እኩል መጠን ያለው ጠብታ። ጠብታው ውስጥ ሳሙና መጨመርን ለጊዜው ተዉት፤ እሱ ሌላ ፍሰት ያስነሳብናል። የሳጥኑን ሥራ ማን ይያዝ?

ሦስተኛ አባል፦ እኔ። የእርጥበት መለኪያውን ግን አውሱኝ።