ደሴ ውስጥ ለእኩልነት ትግል ታሪካዊ ቤት የጥገና ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጠያቂ (ከፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በ1960ዎቹ ተማሪዎች ስለ «መሬት ላራሹ» እና ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ይመክሩበት የነበረ አንድ የቀበሌ ቤት አለ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ተሰንጥቋል፣ ቆርቆሮውም ያፈሳል። አሜሪካ ለእኩል መብት ትግል ቅርሶች ገንዘብ ትሰጣለች ሲባል ሰማን። የሰፈር ኮሚቴ ማመልከት ይችላል?

ቦርከና፦ ያኛው አይሆንም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚሰጠው እዚያው አገር ላሉ፣ በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ለሰፈሩ ሕንፃዎች ነው። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ፈንድም በዓለም ቅርስነት ለተመዘገቡ ወይም በጊዜያዊ ዝርዝር ላሉ ስለሆነ ጊዜ አታጥፉበት። ኢትዮጵያን የሚሸፍነውን የብሪቲሽ ካውንስል የባህል ጥበቃ ፈንድ ጥሪ ተከታተሉ። ጄኔቭ ያለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት አሊፍ ደግሞ በግጭት የተጎዳ ቅርስ ላይ ያተኩራል። ዝናብ ያመጣውን ስንጥቅ ግን የ2014ቱ ጦርነት ጉዳት ብላችሁ እንዳትጽፉ። ባለሙያ ሲያየው ይለየዋል፤ ማመልከቻው እዚያው ይቀራል።

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሩ፣ መንገድ አለው። መጀመሪያ ግን ባለቤቱን አጣሩ። ቤቱ በትርፍ ቤት አዋጅ 47/1967 የተወረሰ ከሆነ ፈቃዱ ከተከራዩ ሳይሆን ከከተማ አስተዳደሩ በደብዳቤ መምጣት አለበት። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በከተማው ባህልና ቱሪዝም በኩል ቤቱን በቅርስነት አስመዝግቡ፤ በአዋጅ 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም። ኮሚቴ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ውል አይፈርምም፤ ከተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ጋር ተጣመሩ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ ማለፍ አይችልም፤ በጀቱን ስትሠሩ እሱን አስቡ።

መሐንዲሷ፦ እባካችሁ ገንዘቡ እስኪመጣ ስንጥቁን በሲሚንቶ እንዳትደፍኑት! የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ጭቃውን ያሟሟዋል፣ ውሎ አድሮ ልስኑ ይወርዳል። ልስኑ ኖራ ይሁን፤ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ። አሁኑኑ በስንጥቁ ላይ አግድም፣ መዳፍ የሚያህል ስስ ጀሶ ለጥፉ፤ ቀኑን ጻፉበት፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ፎቶውን በየወሩ ድገሙት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነውና ከልስን በፊት መሠረቱ መታየት አለበት። ጀሶው ሳይሰነጠቅ ከከረመ ስንጥቁ የቆየ ነው፤ ግድግዳው አይንቀሳቀስም። ይህ የፎቶ ተከታታይ ከየትኛውም ልመና ይበልጣል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። «ታሪካዊ ነው» የሚለውንስ በምን እናስረዳ?

ቦርከና፦ ቃሉን ተዉትና ማን፣ መቼ፣ ምን የሚለውን ጻፉ። እዚሁ ደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ማንሳቱ የታወቀ ነው። የእናንተን ቤት ከዚያ ዘመን ጋር ለማያያዝ ግን የራሱ ማስረጃ ያስፈልጋል፦ የድሮ ፎቶ፣ የኪራይ ውል፣ እዚያ የነበሩ ቢያንስ የሦስት አዛውንቶች ቃል፣ ለየብቻ ተቀድቶ። አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ይደግማል።

መሐንዲሷ፦ በጀቱን ሰጪው በሚጠቀምበት ገንዘብ ሥሩት፤ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ በብር ብቻ የተሠራ ግምት ቶሎ ያረጃል። 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። የሥራ ሰሌዳችሁን ከጥቅምት አስጀምሩት፤ ኖራ በሐምሌ ዝናብ አይደርቅም። ከሁሉ በፊት ቆርቆሮውና አሸንዳው ይሠራ።