ድምፅ ስጨምር ቀጭ ብሎ የሚጠፋ ሪሲቨር፦ ላሠራው ወይስ ልቀይረው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፤ የሆም ቲያትሩን ማለቴ ነው። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ርካሽ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ የባስ ሳጥን የሚያስነሳ) ነው። ከጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የኛ ቤት መብራት 220 ስለሆነ በ300 ዋት ትራንስፎርመር ነው የማስነሳው። ዜና ስናይ ሰላም ነው። ፊልም ከፍቼ ድምፁን ትንሽ ስጨምር ግን ቀጭ! ይልና ድርግም ይላል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል።

የስፒከሮቹን ሽቦ አንድ በአንድ ፈትቼ አየሁ። የግራው ላይ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ ከጥቁሩ ጋር ልትነካካ ደርሳ ነበር። ጠምዝዤ መለስኳት፤ ለውጥ የለም። ስፒከሮቹ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው፣ ሪሲቨሩ ግን ከ6 በታች አትሰኩ ይላል። ጥፋቱ የዚህ ይሆን ወይስ የትራንስፎርመሩ? ጎረቤቴ 1000 ዋት ግዛ ይለኛል። የሱ መልስ ለሁሉም ነገር "ትልቅ ግዛ" ነው።

ካልሆነ ልቀይረው ነው። ያማሃ አርኤክስ-ቪ385፣ በ220 የሚሠራውን የያዛችሁ፣ በናታችሁ ንገሩኝ። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ይበቃል? ይግላል? የቴሌቪዥኑ ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመዱ ሲመለስለት አይቆራረጥም?