«መፈንቅለ መንግሥት»፣ «ግርግር»፣ «አመፅ»፤ ድንበራቸው የት ነው?

ነቁጥ፦
ሰላም ለቤቱ። ስለ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተጻፉ ጽሑፎች ላይ ያው የ1953ቱ ድርጊት አንዴ «የታኅሣሥ ግርግር»፣ አንዴ «መፈንቅለ መንግሥት»፣ አንዴ ደግሞ «አመፅ» እየተባለ ይቀርባል። አንዱ በሌላው ቦታ መግባት ይችላል ወይስ ድንበር አላቸው? ያልተሳካውንስ «ከሸፈ» ነው የምንለው «ተቀለበሰ»? በዚያው «መኮንን» የሚለው ቃል ምንጩ ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ።

ሰዋስው፦
ከቅርጹ ልነሣ። «ፈነቀለ» መሬት የነከሰ ድንጋይን በዘንግ እያነቃነቁ ከሥሩ መገልበጥ ነው። «መፈንቅለ» ግን የአማርኛው «መፈንቀል» አይደለም። በግዕዝ ባለ አራት ፊደል ግሥ ላይ «መ» ሲገባ አድራጊውን ያወጣል፤ «ተርጐመ» ብሎ «መተርጕም» እንደሚል። በዚህ ሕግ ከሄድን «መፈንቅል» ሰውዬው፣ ፈንቃዩ ነው። እኛ ግን ለድርጊቱ አውለነዋል፤ ሥር ሰድዷልና አሁን ማንም አይመልሰውም።

መጨረሻው «ለ» የሆነው ለዘርፍ ነው፤ «ቤተ መንግሥት» እንደምንለው። «መፈንቅል መንግሥት» ብሎ መጻፍ ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ብዙ ቁጥሩ ያስቸግራል። «መፈንቅለ መንግሥታት» ሲባል የበዙት መንግሥታቱ ይሁኑ ፍንቀላዎቹ አይለይም። «ሁለት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራዎች» ብሎ መገላገል ይሻላል። «መንግሥት» በንጉሡ «ሥ» ነው፤ ከ«ነግሠ» የወጣ ነውና።

ብራና፦
ድንበር አላቸው፣ ነቁጥ። «ግርግር» መሪው የማይታወቅ፣ ዕቅድ የሌለው ትርምስ ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ስንል ማን ምን እንደሠራ አይለይም ማለታችን ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ማታ የሆነውን በዚህ ሚዛን እንየው። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ናቸው። የክቡር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ፣ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ፣ የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ እና የጸጥታ ሹሙ ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ሚኒስትሮችንና መኳንንቱን በማታለያ ጠርተው ያዙ፤ ራዲዮ ጣቢያውን ተቆጣጠሩ፤ በማግስቱ የአዲሱን መንግሥት መግለጫ በአልጋ ወራሹ ድምፅ አሰሙ። ቤተ መንግሥቱን የሚጠብቀው ጦር፣ ፖሊስና ስለላው ባንድ እጅ ገብተው ሳለ ይህን ግርግር ማለት አይቻልም።

ያመለጣቸው ምድር ጦር ነው። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ሳይያዙ ቀሩ፤ ታንክ የነበረው በእነሱ በኩል ነው፤ አየር ኃይልም ወደዚያው ዞረ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ደግሞ በውግዘት ወረዱባቸው። ታኅሣሥ 7 ምድር ጦር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ሲያጠቃ የታገቱት ባለ ሥልጣናት ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከሞቱት ውስጥ ናቸው።

«ግርግር» እንግዲህ ያሸነፈው ወገን ነገሩን ለማሳነስ የሰጠው ስም ነው። ዛሬ ግን የተጸውዖ ስም ሆኗል። በጽሑፍህ ላይ «የታኅሣሥ ግርግር» ብለህ እንደ ስም ጥራው፤ ድርጊቱን ስትገልጽ ግን «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» በል። «ሙከራ» የምትለዋን አትተዋት፤ ሥልጣኑ አልጸናምና።

ዘንግ፦
«አመፅ»ን እኔ ልውሰደው። መለኪያው የተነጣጠረበት ነገር ነው። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮችና ባለ ሌላ ማዕረጎች ስለ ምግብና ውሃ አቤት ብለው ሰሚ ሲያጡ አለቆቻቸውን አሰሩ፤ ሊያነጋግሯቸው የሄዱትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ጥያቄው እንጀራ እንጂ ዙፋን አልነበረም፤ ስለዚህ አመፅ ነው። «አድማ» ቢባልም ያስኬዳል፤ መሣሪያ ሲነሣ ግን «አድማ» ይሳሳል።

ሰኔ 21 ቀን 1966 የተቋቋመው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ ግን ሌላ ነው። በየጊዜው አንድ አንድ ሹም እየለቀመ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ላይ ደረሰ። ባንድ ሌሊት ያልተፈጸመ ስለሆነ «አዝጋሚ መፈንቅለ መንግሥት» የሚሉት አሉ፤ ጥሩ አባባል ይመስለኛል። «አብዮት» የሕዝቡን እንቅስቃሴ፣ «መፈንቅለ መንግሥት» የመኮንኖቹን ሥራ ይያዝ። ሁለቱ ባንድ ዓመት ስለተደራረቡ ባንድ ቃል መጠቅለሉ አይሆንም።

ነቁጥ፦
«ባለ ሌላ ማዕረግ» መኮንን ያልሆነው ነው አይደል?

ዘንግ፦
አዎ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ የመሳሰሉት። ከምክትል መቶ አለቃ እስከ ሻምበል መስመራዊ መኮንን፣ ከሻለቃ እስከ ኮሎኔል ከፍተኛ መኮንን፣ ከብርጋዴር ጄኔራል ወዲያ ጄኔራል መኮንን ይባላል። ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1953ቱም፣ በ1981 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የተሞከረውም መፈንቅለ መንግሥት መሪዎች ጄኔራል መኮንኖች ነበሩ። የደርግ አባላት ግን ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ናቸው። ስለ 1966 «ጄኔራሎቹ ገለበጡ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ፍጹም ስሕተት ነው። ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ኋላ በሊቀ መንበርነት የተጋበዙ እንጂ የደርጉ አባል አልነበሩም።

ሰዋስው፦
«መኮንን» ከግዕዝ «ኰነነ» ነው፤ ፈረደ፣ ገዛ ማለት። «መኰንን» ጥንት ገዢና ፈራጅ ነበር፤ «መኳንንት» ብዙ ቁጥሩ ነው። ዘመናዊ ጦር ሲመጣ ቃሉ ወደ ሠራዊቱ ዞረና «መኳንንት» ለባላባቱ፣ «መኮንኖች» ለወታደሩ ተከፈለ። «ኩነኔ»ም ከዚያው ሥር ነው፤ ኮናኙና ተኮናኙ ባንድ ግሥ ያድራሉ።

«ደርግ»ንም ካነሣችሁት አይቀር፣ ኮሚቴ ማለት ብቻ ነው። የስፓኝኛው «ጁንታ»ም ጉባኤ ነው። ሁለቱም ንጹሕ ቃላት ነበሩ፤ ያበላሻቸው የተሸካሚያቸው ሥራ ነው። «ጁንታ» ከ2013 ወዲህ በመንግሥት ንግግር ለሕወሓት መሪዎች መጠሪያ ሆኖ ስለዋለ ያለ ማብራሪያ ለወታደራዊ መንግሥት መጠቀም አንባቢን ያሳስታል። «ወታደራዊ ደርግ» ወይም «ወታደራዊ ምክር ቤት» ይበቃል። «ጊዜያዊ» የምትለዋን ቅጽል ደግሞ አትመኗት፤ ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ እስከ 1980 መባቻ፣ 13 ዓመት ያህል፣ ጊዜያዊ ነበር።

ብራና፦
ወደ «ከሸፈ» እንመለስ። ቃሉ የጠመንጃ ቤት ቃል ነው። ቃታው ተስቦ፣ መርፌው መትቶ፣ ጥይቱ ካልፈነዳ ከሸፈ ይባላል። ስለዚህ ሙከራው መጀመር አለበት፤ ጉድለቱም ከውስጥ ነው። «ተቀለበሰ» ግን የሄደው ነገር በሌላ ኃይል ወደ ኋላ ሲገለበጥ ነው። «በእንጭጩ ተቀጨ» የሚባለው አንድም ወታደር ሳይንቀሳቀስ የተያዘ ሴራ ነው፤ ለ1953ም ለ1981ም አይሆንም።

ግንቦት 8 ቀን 1981ን እንይ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተነሡ። ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም እዚያው ተገደሉ። ስብሰባው ሲራዘም ለፕሬዚዳንቱ ያደረ ጦር ሕንፃውን ከበበ። ኤታማዦር ሹሙ መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ አምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ አሥመራ ላይ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። አዛዦቹ ባንድ ክፍል ተቀምጠው ጦራቸው ሌላ ቦታ ነበረ፤ ይህ «ከሸፈ» ነው። በ1953 ግን ሁለት ጦር ፊት ለፊት ተዋግቶ አንዱ ስለተረታ «ተቀለበሰ» ይስማማዋል። «አከሸፈ» የሚለውን ከፋይ ግሥ የሚወደው ባለ ድሉ ነው፤ ዜና ላይ «በጸጥታ ኃይሉ ከሸፈ» ሲባል እውነቱ «ተቀለበሰ» ሊሆን ይችላል።

ዘንግ፦
«ከፋይ ግሥ» አልከው እንዴ? «አከሸፈ» አድራጊ ነው።

ብራና፦
አድራጊ ነው፤ እጄ ቀደመኝ።

ነቁጥ፦
ከዚያ በኋላ ስለሚደርሰውስ? «ተሰቀለ»፣ «ተረሸነ»፣ «እርምጃ ተወሰደበት»?

ዘንግ፦
እነዚህን መቀላቀል ከአገላለጽ ጉድለት አልፎ የታሪክ ስሕተት ያስከትላል። መንግሥቱ ንዋይ ቆስለው ተማርከው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ተሰቀሉ፤ «በስቅላት ተቀጡ» ቢባል ትክክል ነው። ግርማሜ ንዋይ ከመያዝ በፊት ሞቱ፤ ስለዚህ «ተቀጡ» አይባልም። ኅዳር 14 ቀን 1967 አማን አንዶም ቤታቸው ተከበው በተኩስ ልውውጥ ሞቱ፤ «ተገደሉ» በል። በዚያው ሌሊት ከእስር ቤት የወጡት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ በጥይት ተደብድበዋል፤ «ተረሸኑ» ነው። በ1981ዱ ሙከራ ተከሰው ግንቦት 1982 የሞቱት 12 ጄኔራሎችም ተረሽነዋል። «እርምጃ ተወሰደበት» የገዳዩ ቃል ነው፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ካልሆነ ከራስህ አፍ አይውጣ።

ማዕረግን በሚመለከት «ወረደ» አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል፣ «ተገፈፈ» ሙሉ በሙሉ ሲነጠቅ ነው። «ከዳ»ንም ተጠንቀቅበት። «ከሃዲ» መሐላ አፍራሽ ማለት ስለሆነ፣ ለማን ነበር የማለው ብለህ ሳትጠይቅ አትጻፈው።