ስፖት ብየዳ ለሊቲየም ፓክ፦ ባለሙያ ጋ ይሂድ ወይስ ማሽን ይገዛ? ኒኬሉስ የትኛው? (ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ዙሪያው)

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ

ሰላም ወገኖች። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሆን 48 ቮልት ፓክ፤ 13 ሲሪየስ (በተከታታይ) በ4 ፓራለል (ጎን ለጎን)፣ 52 ሴል፣ ሁሉም 18650 የሚባለው ክብ ሊቲየም ሴል፣ ባለ 2500 ሚሊአምፕ ሰዓት። ኮንትሮለሩ (የሞተሩ መቆጣጠሪያ) ሲበዛ 20 አምፒር ይስባል። ሴሎቹን በኒኬል ጥብጣብ የሚያያይዘውን ስፖት ብየዳ (በኮረንቲ ምት ነጥብ በነጥብ የሚበየደው) ለባለሙያ መስጠት ነው ወይስ ማሽን መግዛት የሚያዋጣው? ኒኬሉ ላይም ጥቆማ ካላችሁ።

ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ሥራው ስንት እንደሆነ ቁጠረው። 52 ሴል 104 ጫፍ አለው። በየጫፉ ቢያንስ 4 ነጥብ፣ ቢቻል 6 ያስፈልጋል። ማሽኑ አንዴ ሲመታ ሁለት ነጥብ ስለሚያወጣ ከ208 እስከ 312 ምት መሆኑ ነው። «በነጥብ ነው፣ በምት ነው ወይስ በሴል?» ብለህ ለይተህ ጠይቅ። በነጥብ ሲነገር ርካሽ የመሰለው ሒሳብ መጨረሻ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። በሴል የሚያስከፍለው ደግሞ ሁለት ሁለት ነጥብ መትቶ ሊያስረክብህ ይችላል። በሴል ተዋዋል፣ የነጥቡን ብዛት ግን አስቀድመህ ተናገር።

ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግኑት ቤቶች፣ መገናኛ አካባቢ እንዳሉት ዓይነት፣ ባብዛኛው የያዙት ትንሿን የእጅ ማሽን ነው። እሷ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኒኬል ላይ ጎበዝ ናት፣ 0.15 ላይ ትንገዳገዳለች፣ 0.2ን እርሳው። ላንተ የሚሆነው የኤሌክትሪክ ሞተርና የባጃጅ ባትሪ የሚፈታ፣ ባለ ፔዳል ማሽን ያለው ሰው ነው።

ማንም ይሁን ማን አንድ የሞተ ሴልና 10 ሳንቲሜትር የራስህን ኒኬል ይዘህ ሂድና ያስመታህ። ከዚያ በፒንሳ ይዘህ ገንጥለው። ኒኬሉ ተቀዶ ነጥብ ነጥቡ ሴሉ ላይ ከቀረ ብየዳው ይዟል። ልሙጥ ሆኖ ከተነሳ አልያዘም፤ ብስክሌቱ ኮብልስቶን ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። ይህን ፈተና «አያስፈልግም» የሚል ቤት ውስጥ አትቀመጥ።

ከቱሉ ዲምቱ

በፈተናው እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ኒኬል የተቀባ ብረት ይህን ፈተና ከንጹሕ ኒኬል በተሻለ ያልፋል። ብረት ለኮረንቲ ያለው ሬዚስታንስ ከፍ ያለ ስለሆነ ነጥቡ ላይ ቶሎ ይሞቅና በደንብ ይበየዳል። በያጁም ይወደዋል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። 0.15 በ8 ሚሊሜትር (ውፍረት በስፋት) የሆነ ንጹሕ ኒኬል በ10 ሳንቲሜትር 6 ሚሊኦም ገደማ አለው። 20 አምፒር በአንድ ጥብጣብ ቢያልፍ 2.3 ዋት ይሞቃል፤ ብረት ከሆነ እጥፍ። ይህን ሙቀት ሴሉ ይጠጣዋል።

በማግኔት እለያለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሳቅና እለፍ። ኒኬልም ብረትም ማግኔት ይስባቸዋል። የሚለየው ጨው ነው፦ ፊቱን በሞረድ ፋቅ አድርገህ ጨው ያለው ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት ቡናማ ዝገት ካወጣ ብረት ነው። ሱቅ ቆመህ ማደር ስለማትችል ሚዛን ተጠቀም። 0.15 በ8 የሆነ የ10 ሜትር ጥቅል ንጹሕ ኒኬል 107 ግራም ይመዝናል፣ ብረት 94። የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ከ94ም ወርዶ 85 ካሳየህ «0.15» የተባለው 0.12 ሊሆን ይችላል። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቆች ጋ ስትሄድ ሚዛኑ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ሻጩ ቅር ቢለውም።

ላንተ ፓክ ከብክነት ጋር 5 ሜትር ይበቃል። በፓራለል በተያያዙ ሁለት ባለ አራት ሴል ቡድኖች መሃል አራት ድልድይ ስለሚኖር 20ው አምፒር ለአራት ተከፍሎ በየአንዳንዱ 5 ይደርሳል፣ 0.15 በ8 ይችለዋል። አደጋው ዳር ላይ ነው፤ ዋናው ቀይና ጥቁር ገመድ የሚነሳበት ቦታ 20ው ሙሉ በአንድ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ጥብጣቡን ደርብ ወይም ከላዩ የመዳብ ገመድ አስኪድበት። ገመዱን መጀመሪያ ኒኬሉ ላይ በካውያ በይደህ ከጨረስክ በኋላ ነው ኒኬሉ ሴል ላይ የሚመታው። ካውያ ሴል ላይ አይቀመጥም።

ከሰበታ

ማሽን ልግዛ ካልክ ቤትህ የሚደርሰውን መስመር አስብ። ከግድግዳ የሚሠራው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን በየምቱ ለቅጽበት ብዙ ኪሎዋት ይስባል። ከተማ ዳር ላይ ወደ ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው 190 ቢደርስ፣ ነጥቡ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ጠዋት ያስተካከልከው ማታ አይሠራም፣ አንድ ፓክ ላይ ጠንካራና ልል ነጥብ ይቀላቀላል። የግድ እሱ ከሆነ በአንድ ጊዜ ተቀምጠህ ረፋድ ላይ ጨርሰው፣ በየ20 ሴሉም ናሙና ገንጥል።

ለኮንዶሚኒየም የሚሻለው በካፓሲተር የሚሠራው ነው። ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ይመታል፣ መብራት ቢዋዥቅ ግድ የለውም። ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። ከሁሉም ርካሹ በ12 ቮልት የመኪና ባትሪ የሚሠራው የብየዳ ሰሌዳ (ቦርድ) ነው፦ ከ45 እስከ 60 አምፒር ሰዓት የሆነ ጤነኛ ባትሪ፣ አጭርና ወፍራም የመዳብ ገመድ (ከ16 እስከ 25 ካሬ ሚሊሜትር)። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ምቱ ይደክማል።

የዚህ ሰሌዳ ክፉ ጠባይ ሞስፌቱ (ኮረንቲውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ መቅረቱ ነው። ፔዳሉን ብትለቅም ኮረንቲው አይቆምም፣ ሴሉ ይበሳል። ስለዚህ ከባትሪው አንዱ ገመድ በአንድ እጅ የሚነቀል ይሁን፣ በየቀኑ የመጀመሪያው ምትም ትርፍ ኒኬል ላይ እንጂ ሴል ላይ አይሁን። ገና ከቻርጅ የወጣ የእርሳስ ባትሪ አጠገብ ፍንጣሪ አታስነሳ፤ ጋዙ ይቀጣጠላል።

ሲመታ፦ በማሽኑ ሁለት መምቻ ጫፎች መሃል 3 ወይም 4 ሚሊሜትር፣ ግፊቱ እኩል፣ ጊዜው ከዝቅተኛው ተነስቶ እየጨመረ። ፍንጣሪ ከበዛ ግፊት ጎድሏል ወይም ጫፉ ቆሽሿል፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው። ኒኬሉ ከተበሳ ጊዜው በዝቷል። ጥብጣቡን በነጥቦቹ መሃል በመቀስ ሰንጠቅ ብታደርገው ኮረንቲው በላዩ ማቋረጥ ስለማይችል በሴሉ በኩል ለማለፍ ይገደዳል፤ በዝቅተኛ ኃይልም ይይዛል። ኔጌቲቩ በኩል ቆርቆሮው ስስ ነው። ከምት በኋላ ጣፋጭ የቀለም ማቅጠኛ (ቲነር) ዓይነት ሽታ ከመጣ ሴሉ ተበስቷል፣ ወዲያው ውጭ አውጣው።

ከቡራዩ

ለቤት መጠባበቂያ ቢሆን ኖሮ ብየዳውን ሁሉ ተወው እልህ ነበር። ባለ ቡሎን ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል፣ 4 በሲሪየስ፣ 12.8 ቮልት፤ ቁልፍ ብቻ ይበቃል። ብስክሌት ላይ ግን ክብደቱና ስፋቱ አይመችም።

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ

እናመሰግናለን። ሴሎቹ ከላፕቶፕ የወጡ ናቸው፣ አሮጌ ኒኬል ተጣብቆባቸዋል። ቢኤምኤሱስ (ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰሌዳ) መቼ ይገባል?

ከቱሉ ዲምቱ

አሮጌውን በፒንሳ እየጠቀለልክ አንሳው፣ የቀረውን ጉጥ በሞረድ ለስልስ። ፖዘቲቩን ወደ ታች ዘቅዝቀህ ሞርድ፤ ብናኙ በፖዘቲቩ ዙሪያ ያለው ቀለበት ላይ ከወደቀ ሾርት ነው። የሴሉ አካል በሙሉ፣ እስከ ፖዘቲቩ ትከሻ ድረስ፣ ኔጌቲቭ መሆኑን አትርሳ። በየፖዘቲቩ የወረቀት ቀለበት ለጥፍ።

ጎድሎብህ ሴል የምትገዛ ከሆነ «9900 ሚሊአምፕ ሰዓት» የተጻፈበትን አትንካ፤ በ18650 ውስጥ ይህን ያህል አይገባም። ጤነኛው ከ44 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ሁሉንም 4.2 ሞልተህ ሁለት ሳምንት አስቀምጥ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የወረደውን አውጣው። ፓራለል ከመምታትህ በፊት የአራቱ ልዩነት ከ0.05 ቮልት አይብለጥ።

ቢኤምኤሱ መጨረሻ ነው። ለ13 ሲሪየስ 14 ቀጭን ገመድ አለው። ዋናውን ኔጌቲቭ ገመድ መጀመሪያ አስረህ፣ ሶኬቱን ሳትሰካ ጎን ለጎን ያሉትን ፒኖች በቴስተር ለካ። ሁሉም እኩል ገደማ ማሳየት አለበት። አንዱ ዜሮ ወይም እጥፍ ካሳየ ገመድ ተዘዋውሯል፣ ብትሰካው ቢኤምኤሱ እዚያው ይሞታል።

ከለገጣፎ

በያጅ ጋ በሚኒባስ የምትወስዳቸው ከሆነ ደግሞ ወደ 3.6 ቮልት አውርዳቸው፣ ፖዘቲቮቹን በናስትሮ ሸፍነህ በሴል መያዣው ደርድር። ፌስታል ውስጥ አታንኳኳቸው።