የባቱ ጉዞና ዐውደ ርዕይ፦ የጋራ ዕቅዳችን ላይ እንወያይ

ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ረቂቁ ይኸው። ለጥምቀት ባቱ እንወርዳለን፤ ጥር 9 ወጥተን ጥር 12 ጠዋት እንመለሳለን። ስድስት ሰዓሊ፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት የዘይት ቀለም ሥራ። ዐውደ ርዕዩ የካቲት መጀመሪያ። ዕቅዱን ለደጋፊዎች የምናስገባው ዓርብ ስለሆነ እስከ ሐሙስ ማታ አስተያየት ስጡ።

አንጋፋ አባል፦ ልጄ፣ የካቲት መጀመሪያ ያለው ማነው? የዘይት ቀለም እንደ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይደርቅም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ቡናማው አምበር ቶሎ ይይዛል፤ ጥቁሩ ግን ያንቀራፍፋል። ልድረስ ብለህ ቅባቱ የበዛውን ከሥር፣ ቀጭኑን ከላይ ካደረግህ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ቫርኒሹማ በደንቡ ስድስት ወር ይጠብቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ከደመራ ስመለስ የሆንኩትን ታውቃላችሁ። እርጥቡን ሸራ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል አንድ አባት ተጠጉ። ሲወርዱ ሳያቸው የችቦው ቢጫ በሙሉ ጋቢያቸው ላይ ነው። እሳቸው አላዩም፤ እኔም በድንጋጤ አፌ ተያዘ። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ። ስለዚህ እዚያ በእርሳስና በውኃ ቀለም እንሥራ፤ ዘይቱን ቤት ስንመለስ።

ወጣቷ አባል፦ እኔ ግን ዘይት ሳልይዝ አልሄድም! ከተራ ዕለት ሲመሻሽ ነጠላ ነጭ መስሏችኋል? ጥላው ሰማያዊ ነው፤ ሻማ ሲጠጋው ደግሞ ብርቱካንማ ይሆናል። ፎቶ ይህን አይዝልኝም። መዳፍ በምታክል ካርቶን ላይ ስስ አድርጌ እሠራለሁ። ከዚያ በየማዕዘኑ ቡሽ አድርጌ ሁለቱን ፊት ለፊት አስራለሁ። ቀለም ቀለምን አይነካም።

የባቱ ልጅ፦ ረቂቁ ስለ ቀለም ብዙ ይላል፣ ስለ ሰዉ ግን ምንም። ታቦት ሲያልፍ ሸራ ዘርግተን መንገድ ልንዘጋ ነው? ካህናቱን አስቀድመን እናስፈቅድ። ጥር 12 ጠዋት መመለስም አይሆንም፤ የሚካኤል ሽኝት ያመልጠናል። ግፊያው ትንሽ ቀለል ስለሚል ለሚስል ሰው እሱ ይሻላል። ደግሞ ሥራው መጀመሪያ ባቱ ይታይ። የምንስላት ከበሮ መቺ ራሷን ሳታይ አዲስ አበባ እንስቀላት? አሳ ጥብስ በእናቴ በኩል አለ፤ ለምግብ አትጨነቁ።

አንጋፋ አባል፦ አሁን ዕቅድ መሰለ። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቢሾፍቱ ነው የምናልፈው። የሰዓሊው የለማ ጉያ ሙዚየም ጎራ እንበል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቹ በፍየል ቆዳ ላይ የተሠራውን ይዩ። ሸራ ተወደደ እያሉ ለሚያላዝኑት መልስ ይሆናል።

ጸሐፊ፦ አስተካክያለሁ። ከጥር 9 እስከ 13። እዚያ ንድፍና ትንንሽ ጥናት፣ ዋናው ሥራ እዚህ። ዐውደ ርዕዩ ግንቦት መጨረሻ፣ ቫርኒሽ ሳይቀባ፣ መጀመሪያ ባቱ ቀጥሎ አዲስ አበባ። ለካህናቱ ደብዳቤውን የባቱ ልጅ ይውሰድ። ሙዚየሙ ክፍት መሆኑን እኔ ደውዬ አጣራለሁ። የቀረ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ የሥራዎቹ መመለሻ መጓጓዣ በጀቱ ላይ የለም፣ እጨምረዋለሁ። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ክዳን በደንብ ይጥበቅ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ሲሸተን እንዳንሄድ። የወይን ጠርሙስ ቡሽ ያላችሁም አትጣሉ።